የናስ ምላሶች

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የተበላሸ አርሞኒካ ይዞልኝ መጣ። "እማዬ፣ እስቲ እጅሽን ሞክሪበት" ብሎ ጭኔ ላይ አኖረልኝ። ክዳኑን በቢላ ጫፍ ፈልቅቄ ስከፍተው ውስጡ ቀጫጭን የናስ ምላሶች በረድፍ ተደርድረዋል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የናስ ሽታ፣ ትንሽ የምራቅ፣ ትንሽ የዝገት። ዓይኔ ክር በመርፌ ማስገባት ከተወ ሰንብቷል፤ አፍንጫዬ ግን አላረጀም። ልጁ "ይሠራል ወይስ ልጣለው?" እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን አንኮበር ደርሻለሁ።

አንተ ደግሞ ታሪክ ልጻፍ ብለህ መጥተህ ስለ ጣሊያን ዘመን ንገሪኝ ስትለኝ ጦርነቱን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ጦርነቱን የተዋጉት ይንገሩህ። እኔ በዚያ ዘመን ካየሁት ሁሉ ቀልቤን ሰቅዞ የያዘው የአንድ ሳጥን ሆድ ዕቃ ነው። ሰው በሚሞትበት ዘመን ሳጥን ስትፈታ ኖረች ብለህ ብትታዘበኝ አልቀየምህም፤ እኔም አንዳንዴ ራሴን እታዘበዋለሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ አንጥረኛ ነበር፤ የአንገት መስቀልና ጉትቻ ይሠራ ነበር። ጣሊያን አንኮበር በገባ በዓመቱ አርበኞች ጠመንጃ የሚጠግንላቸው ሰው ፈልገው መጡና ተከትሏቸው ቆላ ወረደ። ትልቁን መዶሻ ይዞ ሄደ፤ ትንሹን መዶሻ፣ ሞረዶቹን፣ ጉጠቱንና ወናፉን ለእኔ ተወልኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ አጠገቡ ስለተቀመጥኩ ብር መሳብና መበየድ እችል ነበር። ሴት ልጅ ሞረድ ይዛ መቀመጧን ጎረቤት ባይወደውም፣ ጉትቻ ሲሰበርበት ግን ተሸፋፍኖ ይመጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮዋ አስጠሩኝ። ወይዘሮዋ ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ በታች ባለው ሰፊ ግቢ የሚኖሩ ሰባ ዓመት የተጠጉ ባልቴት ናቸው። ጣሊያን ሲገባ ትልቁ ቤታቸው ተቃጥሎ፣ እሳት ባልደረሰበት ማድ ቤት ከአንዲት አሮጊት ሠራተኛቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ጉም ግቢውን ሞልቶት ስለነበር መጀመሪያ የሰማሁት የከዘራቸውን ድምፅ ነው። ሰላምታዬን እንኳ ሳይጨርሱ እጄን ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዱኝና አንድ ሰሌን ገለጡ።

"ይኼን ታውቂዋለሽ?"

"አላውቀውም፣ እሜቴ።"

"የጌታው ኦርጋን ነው።"

ጌታው የሚሏቸው የሞቱትን ባላቸውን ነው። ባላቸው በልጅነታቸው አንኮበር ተቀምጦ በነበረ አንድ ፈረንጅ ሰባኪ ቤት ያደጉ ሰው ነበሩ። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ በበቅሎ ያስመጣውን ኦርጋን ለእሳቸው ተወላቸው። እሳቸውም አርባ ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ እራት እስኪቀርብ ድረስ አንዲት ዜማ ይጫወቱበት ነበር። ሌላ ዜማ አያውቁም፤ ወይም ሌላ አልፈለጉም። ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብለው ሞቱ። ቤቱ ሲነድ ካባቸውም፣ ጋሻቸውም፣ በወጣትነታቸው የተነሱት አንድ ፎቶግራፍም አብሮ ነደደ። ሠራተኛዋ ከእሳቱ ጎትታ ያወጣችው ይህን ሳጥን ብቻ ነበር፤ እሱም ግማሹ ከስሏል።

"መልካቸው እየጠፋብኝ ነው" አሉኝ ወይዘሮዋ። "ድምፃቸውም ጠፍቶብኛል። ዜማቸውን አንድ ቀን ከሰማሁ ሌላ አልሻም።"

"እሜቴ ካዜሙልኝ እኔ ድምፁን ተከትዬ..."

"እኔ ድምፅ አይታዘዝልኝም። ብሰማው አውቀዋለሁ እንጂ አላወጣውም።" ከዚያ የቀኝ እጃቸውን አንስተው አንዲት ጣት አየር ላይ አንቀሳቀሱ። "ጣታቸው የት የት እንደሚያርፍ ግን አውቃለሁ። በግራቸው ተቀምጬ ጣታቸውን ሳይ ነው የኖርኩት።"

እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፤ ስላዘንኩላቸው ብቻ አይደለም እሺ ያልኩት። ያ ሳጥን ውስጡ ምን እንዳለ ካላየሁ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ስላወቅኩ ነው።

በማግስቱ ሠራተኛዋና እኔ ኦርጋኑን ወደ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ፣ ብርሃን ወዳለበት አወጣነው። ፊቱ ላይ በጣት የሚጫኑ ጥርሶች አሉት፤ ነጫጮቹ ረዘም ያሉ፣ ጥቁሮቹ አጠር ያሉ። ቦታቸውን ስቆጥር አርባ ዘጠኝ ነው፤ የተረፉት ግን ሠላሳ አንድ ነበሩ። ከታች ሁለት የእግር መርገጫዎች ነበሩት፤ አንደኛው ተቆርጧል። ወናፉን አይጥ በልቶት በውስጡ ልጆች አሳድጎበታል። እያንዳንዱ ጥርስ ሥር ደግሞ በናስ ክፈፍ ላይ የተቸነከረች አንዲት የናስ ምላስ ትኖራለች። ወርቅ መስሎት ነው መሰለኝ፣ አንድ ሰው ዘጠኙን ነቅሎ ወስዷል። በስተቀኝ ያሉት በእሳቱ ጠቁረዋል። በስተግራ ጫፍ ያሉት አሥራ ሦስቱ፣ ወፍራሞቹ፣ ምንም አልሆኑም።

አንዷን አውጥቼ በአመድ ወለወልኩና ከንፈሬ ላይ አድርጌ አየር ሳብኩባት። ጮኸች። ከመደንገጤ የተነሳ ጣልኳት። ሠራተኛዋ ከማድ ቤት "ምን ነካሽ?" እያለች ወጣች፤ እኔ ግን ምላሲቱን ከአፈር አንስቼ እየሳቅሁ ነበር። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። አንድ በአንድ እያወጣሁ ሁሉንም አስጮህኳቸው። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ አለው፣ አጭሩ ቀጭን። ጫፏን በሞረድ ትንሽ ስነካት ድምፅዋ ሽቅብ ይወጣል። ሥሯን ስፍቃት ቁልቁል ይወርዳል። ጫፏ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሰም ባንጠባጥብባትም ይወርዳል፤ ሰሙን ሳነሳው ይመለሳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እስካሁንም በራሴ የምኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ለወናፉ ከአልዩ አምባ ለገበያ የሚወጣውን ኮርቻ ሠሪ አስመጣሁ። ሽበታም፣ ዝምተኛ ሙስሊም ሽማግሌ ነበር፤ ቆዳ ሲነካ ግን ጣቱ ያወራል። ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየውና "እኔ ለበቅሎ እንጂ ለሳጥን ሰፍቼ አላውቅም" አለ። ቢሆንም በሳምንቱ የለፋ የፍየል ግልገል ቆዳ ይዞ መጣ፤ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ። ሰፋነው፤ ስፌቱን በሰም ደፈንነው። ስረግጠው ግን ምላሶቹ ትንፍሽ አላሉም። ሁለት ቀን ሙሉ ቀዳዳ ስንፈልግ ዋልን። በኋላ ነው ሁለታችንም የተሳሳትነው አንድ ዓይነት ስህተት መሆኑ የገባኝ። የአንጥረኛ ወናፍ ይነፋል፤ እኛም እንዲነፋ አድርገን ነፋሱን የሚያሳልፉትን የቆዳ መክደኛዎች ገጠምን። የፈረንጁ ወናፍ ግን የሚስብ ነው፤ ነፋሱ በምላሶቹ በኩል ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ ራሴ ምላሷን ያስጮህኳት በመሳብ አልነበር? መክደኛዎቹን ገልብጠን ገጠምናቸው። ስረግጥ ሳጥኑ በረጅሙ ተነፈሰ። ኮርቻ ሠሪው ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ቆየና "ወላሂ፣ ነፍስ ዘራ" አለ።

የጎደሉትን ጥርሶች ከጽድ እንጨት ጠረብኩ፤ ነጮቹን የላም አጥንት፣ ጥቁሮቹን ቀንድ አለበስኳቸው። የጠፉትን ዘጠኝ ምላሶች አባቴ ከተወው የተሰበረ የናስ ትሪ ቆረጥኩ። ናሱ እሳት ካየ ይለሰልስና እንደ ቅጠል ይታጠፋል፤ በቀዝቃዛው ቀጥቅጠህ ስታቀጥነው ግን ይጠነክራል፣ ስትለቀው ተመልሶ ይዘላል። ይህን ከአባቴ አውቀው ነበር። እስከዚህ ድረስ እጄ አልሳተም።

የሳትኩት ከዚህ በኋላ ነው። የአባቴ ክራር ነበረችኝ። ክራር ስድስት ጅማት አላት፤ አምስቱ አምስት ድምፅ ይሰጣሉ፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ ቀጠን አድርጎ ይደግመዋል። እኔ ድምፅ የማውቀው በዚህ ነው፤ እናቴም፣ አዝማሪውም፣ በሠርግ የሚዘፍነውም በዚሁ ነው የሚሄደው። ኦርጋኑን ከግራ ወደ ቀኝ እየተጫንኩ ስሄድ ግን ድምፆቹ ተጣበው፣ ተጠጋግተው፣ እርስ በርሳቸው የሚጋፉ ሆኑብኝ። እሳቱ አጣሞባቸዋል አልኩ። ደግሞ ማን ይጠረጥራል? ጥቁረታቸውን እያየሁት ነው። ስለዚህ ክራሯን አጠገቤ አድርጌ እያንዳንዱን ምላስ በአቅራቢያው ወዳለው የክራር ድምፅ በሞረድ መራሁት። ስጨርስ ጎን ለጎን ያሉ ጥርሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ድምፅ አወጡ። መንታ ናቸው አልኩ፤ አንዱ ሲሰበር ሌላው እንዲተካው ፈረንጁ አስቦበት ነው አልኩ። የሠሪው ብልሃት ገርሞኝ አደነቅኩት። በግራ ጫፍ ያሉትን አሥራ ሦስት ወፍራሞች ብቻ አልነካኋቸውም፤ የእኔ ክራር ወደዚያ ጥልቀት አትወርድም፣ ሞረዴም በውፍረታቸው ላይ ይሰንፍ ነበር።

አንድ ወር ፈጀብኝ። ሲያልቅ ሠራተኛዋ ቆማ ሰማችውና እስክስታ ቃጣት። ኮርቻ ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮዋን ጠራናቸው። ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው መጡ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና አንዲት ጣታቸውን አነሱ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ መርገጫውን በእጄ እገፋላቸዋለሁ። ጣታቸው ያለማመንታት ወረደች፤ አንድ ነጭ ጥርስ፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ ኋላ አንድ ጥቁር። ጣታቸው ሦስት ቦታ ረገጠች፤ ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ድምፅ አወጡ። ቀጠሉ። የሆነ የእኛ አገር ዘፈን ቅዳጅ የሚመስል ነገር ወጣ። ጣታቸውን አነሱና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"ቆንጆ ነው" አሉ። "የእሳቸው ግን አይደለም።"

ወደ እኔ ዞረው "ምላሶቹን ምን አደረግሻቸው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ተጣመው ነበር፣ እሜቴ። አቃናኋቸው።"

"ማን ተጣመዋል አለሽ?"

ፊቴ ጋለ። ክራሬ አለችኝ ልበላቸው? ወጥቼ ከግቢው በታች ካለው ገደል አፋፍ ተቀመጥኩ። ታች ቆላው በፀሐይ ያበራል፤ እኔ ያለሁበት ጉም ነው። አልቅሻለሁ፤ አልደብቅህም። ጌታው አርባ ዓመት የተጫወቱበትን፣ ከእሳት የተረፈውን ድምፅ በገዛ ሞረዴ ፍቄ ጨረስኩት። እሳቱ እንኳ እንደ እኔ አላደረገም።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ፍርሃት ተጨመረብኝ። ወይዘሮዋ ብቻቸውን ዕቃ ቤቱ ገብተው፣ ሳይረግጡ፣ ያለ ድምፅ ጥርሶቹን ሲነኩ አገኘኋቸው። ጣታቸው መካከል ላይ ቆመች። ወደ ግራ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ቆመች። "ከዚህ ወዴት ነበር?" አሉ፤ እኔን አይደለም የጠየቁት። ሠራተኛዋ በኋላ ወደ ጎን ጎትታ አወራችኝ። በዚያ ሰሞን ወይዘሮዋ ቀን ይሳሳቱ ነበር፤ የበላ ሰው አልበላህም ይሉ ነበር፤ አንድ ጠዋት የሠራተኛዋን ስም አጥተው ሲጨነቁ ውለዋል። ዜማዋ በዓለም ላይ ያለችው በሳቸው ዓይን ብቻ ነው፤ እሷም ልትሄድ ነው።

ወዲያውኑ አንድ ነገር አደረግሁ። ከምድጃ ከሰል አመጣሁ። ወይዘሮዋ ጤና ሆነው በዋሉበት ጠዋት "እሜቴ፣ የጌታው ጣት የሚሄድበትን ያሳዩኝ" አልኳቸው። እሳቸው ሲነኩ እኔ በየጥርሱ ላይ በከሰል ጭረት አደርጋለሁ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሁለት ቀን እንደዚህ ሠራን። የዜማዋን መንገድ በጣቴ አጠናኋት። እንዴት ያለች ዜማ እንደሆነች ግን አላውቅም፤ ድምፅ የላትማ። መንገዱን አውቀህ አገሩን አለማወቅ እንዴት እንደሚያበሳጭ ተረዳልኝ።

ከዚያ ወደ ምላሶቹ ተመለስኩ። እኔ ከቆረጥኳቸው ዘጠኙ በቀር እያንዳንዱ ምላስ ሥሩ ላይ፣ ምስማሩ አጠገብ፣ ተመትታ የተቀረጸች ምልክት ነበረችበት። መጀመሪያ ሳያት የሠሪው ማኅተም ናት ብዬ አልፌያት ነበር፤ አባቴም በሚሠራው መስቀል ጀርባ የራሱን ምልክት ይመታል። ያን ቀን ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የአንድ ሰው ማኅተም ከሆነ ለምን ይለያያል?

ነጠላዬን መሬት ላይ አነጠፍኩና ያልነካኋቸውን አሥራ ሦስት ወፍራሞች ከግራ ወደ ቀኝ ደረደርኳቸው። ፊደሉ የፈረንጅ ስለሆነ ማንበብ አልችልም፤ ቅርጽ መለየት ግን ሙያዬ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። ሁለተኛውም ግማሽ ጨረቃ ነው፤ አጠገቡ ግን የአጥር ርብራብ የመሰለ ጭረት አለ። ሦስተኛው ሆዱ የተነፋ ሰው ነው። ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያም አለ፤ ድንኳን የሚመስልም አለ። እንዲህ እያለ ሄዶ ሄዶ አሥራ ሦስተኛው ላይ ግማሽ ጨረቃዋ ያለ አጥር ተመልሳ መጣች።

የመጀመሪያዋንና አሥራ ሦስተኛዋን አንስቼ ተራ በተራ አስጮህኳቸው። አንድ ድምፅ ነው፤ አንዱ ወፍራም አባት፣ አንዱ ቀጭን ልጅ። የክራሯ የመጀመሪያና ስድስተኛ ጅማት ማለት ነው። ፈረንጁ ከአንድ ድምፅ ተነስቶ ያው ድምፅ እስኪመለስለት ድረስ አሥራ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፤ እኛ በአምስት እንደርሳለን። ማንም አልተጣመመም ነበር። እኔ ነኝ የእሱን መንገድ በእኔ እርምጃ የለካሁት። አፈርኩ፤ ደግሞ ደስታ አሰከረኝ። ሠራተኛዋን ጠርቼ "ድንኳኗ ድንኳን ናት! እዚህም ድንኳን፣ እዚያም ድንኳን!" ስላት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አየችኝ። የታመምኩ ሳይመስላት አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው። ያጠፋኋትን ምላስ ተመሳሳይ ምልክት ካላት ወፍራም ምላስ ጋር አብሬ አስጮሃለሁ፤ ምልክት የሌላቸውን የእኔን ዘጠኝ ከተራቸው አወቅኳቸው። ድምፃቸው ካልተገናኘ አየሩ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይርገበገባል። ሥሯን ወይም ጫፏን ትንሽ ስፍቃት መርገብገቡ ቀስ ይላል። እንደገና ትንሽ። እየዘገየ፣ እየዘገየ፣ በመጨረሻ ይረጋል፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ያ መርጋት ጥርሴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ጆሮዬ ከፍ ያለ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ያን መርጋት ግን አሁንም ሳስበው መንጋጋዬ ያውቀዋል።

ስድስቱ ግን አልቻሉም። ሁለት ጊዜ የሞረድኳቸው ስለሆኑ ሳስተው ተሰነጠቁ። የአባቴ ናስ አልቋል፤ አንኮበር ውስጥ ናስ ያለው ቤት ወይ ተቃጥሏል ወይ ደብቋል። ለኮርቻ ሠሪው ስነግረው ጢሙን አሻሸና "ናስማ ሞልቷል" አለ። "ወደ እኛ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ተኩስ የነበረበት ቦታ፣ ቀለሃ እንደ ዘንጋዳ ተበትኗል። ግን ልጄ፣ አላህ ይጠብቅሽ፤ የጣሊያንን ኬላ እንዴት ታልፊዋለሽ?"

ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ቀለሃ ይዞ የተገኘ ሰው ጥይቱን የት አደረስከው ተብሎ ይገረፋል፤ ከዚያ የከፋም ይደርስበታል። የእኔ አባት ደግሞ ጫካ ነው። ስሙን ቢጠሩብኝ ምን እላለሁ?

ማልጄ ሄድኩ። ቅርጫቴ ውስጥ ትንሹን መዶሻና ሞረድ አድርጌ፣ ላዩን በጉትቻና በመስቀል ሸፈንኩት። ቦታውን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ሣሩ ውስጥ ያብለጨልጭ ነበር። ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ተቀምጬ ቀለሃዎቹን ቂጣቸውን ቆረጥኩ፣ ጎናቸውን ሰነጠቅኩ፣ ዘርግቼ በቀዝቃዛው ቀጠቀጥኩ። ስቀጠቅጥ ድምፁ ገደሉ ውስጥ ያስተጋባል፤ በእያንዳንዱ ምት አቁሜ አዳምጣለሁ። ቀጫጭን አድርጌ ከቆረጥኳቸው በኋላ በጣቴ ላይ ጠቀለልኳቸው። ሰባት ቀለበት ሆኑ። የቀረውን ፍርፋሪ አፈር አለበስኩት። እኩለ ቀን ላይ በሰባት ጣቶቼ ሰባት ቀለበት አድርጌ ኬላው ደረስኩ።

ወታደሩ ለጣሊያን ያደረ ያገራችን ሰው ነበር። ቅርጫቴን ገለባበጠ፤ መዶሻውን አነሳ፣ መለሰ። ከዚያ እጄን አየ።

"ለእያንዳንዱ ጣትሽ ባል አለሽ?"

"አንጥረኛ ነኝ። ገበያ አውጥቼው ሳይሸጥ ቀረ።"

አንዱን ከጣቴ ሳበና ብርሃን ላይ ያዘው። ውስጡን ቢያይ የቀለሃው ጥቁረት በደንብ አልጸዳም ነበር። በትንሿ ጣቱ ሞከረው፤ አልገባም። "ይኼን ለእህቴ" አለ፤ ሌላ አንድ መዘዘ፤ "ይኼን ደግሞ ለእኔ፤ ሌላ ቀን ስታልፊ ታሰፊልኛለሽ" ብሎ ሁለቱንም ኪሱ ከተታቸው። እሺ ጌታዬ ብዬ አለፍኩ። ዳገቱን ግማሽ ያህል ከወጣሁ በኋላ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። አባቴ በዚያን ዕለት በሕይወት እንዳልነበረ የሰማሁት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ዳገቱ ላይ ተቀምጬ፣ ይህን ስነግረው እንዴት እንደሚስቅ እያሰብኩ ነበር።

አምስት ቀለበት ቀረኝ፣ የምፈልገው ስድስት ነው። የከሰል ጭረቶቼን አየሁ። ከስድስቱ አንዱ ጥርስ ላይ ጭረት የለም፤ የጌታው ጣት አይረግጠውም። እሱን ዲዳ አድርጌ ተውኩት፤ አምስቱን ሠራሁ። የቀለሃው ናስ ከቀድሞው ይልቅ ሾል ያለ ድምፅ ነበረው፤ ብዙ ለማለስለስ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ።

ኦርጋኑ ዛሬ የለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እኔ ደብረ ብርሃን ሄጄ ስኖር ዕቃ ቤቱ በክረምት ወደቀ አሉኝ፤ እንጨቱን ለማገዶ፣ ናሱን ለማን እንደወሰዱት የሚያውቅ አላገኘሁም። ወይዘሮዋም ያን ጊዜ ዐርፈዋል። እኔ ግን የምነግርህ ስለዚያ አይደለም፤ ሥራው ስላለቀበት ቀን ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ ገፎ ነበር፤ ፀሐይ በዕቃ ቤቱ በር ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ሠራተኛዋ ወይዘሮዋን ደግፋ አመጣቻቸው። ቀናቸው አልነበረም። ጠዋት ሠራተኛዋን "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ብለዋታል፤ እኔንም ሲያዩኝ እንግዳ እንደሚያይ ሰው አንገታቸውን ሰበር አድርገው እጅ ነሱኝ። የኦርጋኑን ወንበር ሳሳያቸው ግን አልተቀመጡበትም። ሳይጠየቁ በግራ በኩል ያለችውን ዝቅተኛ በርጩማ ሳቡና ተቀመጡባት፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። መርገጫውን ረገጥኩ፤ ሳጥኑ ተነፈሰ። የፍየል ቆዳና የሰም ሽታ ወጣ። የመጀመሪያውን ነጭ ጥርስ ተጫንኩ፣ ሦስተኛውን፣ ከዚያ ወደ ኋላ ጥቁሩን። እስከዚያ ቀን ጣቴ እንጂ ጆሮዬ የማያውቃት ዜማ ወጣች። የእኛ ዘፈን አይደለችም፤ ከእኛ የትኛውም ጋር አትመሳሰልም፤ በማላውቀው በኩል ትወጣና በማላውቀው በኩል ትወርዳለች። አጭር ናት። ከቀለሃ የሠራኋቸው አምስቱ ሲደርሱ ሾል ብለው ይሰማሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ጥርሴን እነክሳለሁ። ወደ ጎን ለማየት ፈራሁ። ፍርሃቴ ደግሞ እግሬን አጣደፈው፤ ወናፉ ሲጣደፍ ጣቴም ተከተለው፤ ዜማዋን ወደ ማለቂያዋ አካለብኳት።

በዚያን ጊዜ አንድ እጅ ክንዴ ላይ ዐረፈ፤ ቀላል፣ የለመደ እጅ።

"ጌታው፣ ምን ያጣድፍዎታል?" አሉ ወይዘሮዋ። "እራቱ ገና ነው።"

ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። እግሬን አዘገየሁና ዜማዋን ከመጀመሪያዋ ጀመርኩላቸው።